የሚቆጠረው ምት፤ ከጉግስ ሜዳ እስከ ኬንዶ አዳራሽ

በወሎ ደጋ፣ በጥምቀትም ሆነ በሠርግ ሰሞን፣ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተሰልፈው ጉግስ ሲገጥሙ፣ አሳዳጁ ዱላውን ሲወረውር፣ ተሳዳጁም ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ በፈረሱ አንገት ላይ ሲለጠፍ የተመለከተ ሰው፣ ከግልቢያው ይልቅ ግልቢያው ካበቃ በኋላ የሚነሣው ሙግት ሳይደንቀው አይቀርም። ዱላው ጋሻውን ነክቶ ከተንሸራተተ በኋላ ትከሻን ቢያገኝ፣ ሰውየው ተመታ ይባላልን? ፈረሱን ቢያገኝስ? ወርዋሪው ዒላማውን መትቶ በዚያው ቅጽበት ከኮርቻው ቢወድቅ፣ ክብሩ የማን ነው? ተሳዳጁ ልጓሙን ሊያስተካክል ጎንበስ ባለበት ጊዜ የተወረወረ ዱላስ ከጀግንነት ይቆጠራል ወይስ ከነውር? እኛ በወገል ጤናና በአካባቢዋ ያለን ሰዎች ሙግቱን ከአባቶቻችን ወርሰነዋል፤ መልሱን ግን በጽሑፍ አልወረስንም።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ነገር እንግዲህ አንድ ነው፤ ይኸውም በጨዋታ ሜዳ የተሰነዘረ ምት ምን ምን ሲያሟላ በሕግ ፊት ምት ሆኖ እንደሚጸድቅ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ የነካ ነካ፣ የሳተ ሳተ ብሎ ማለፍ ይቻላልና። ነገር ግን ዱላም ሆነ ሰይፍ የያዘ ሰው ጨዋታውን የተማረው ለጦር ሜዳ ሲሆን፣ መንካት ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል የየአገሩ አዋቂዎች ተረድተውታል። ከእነርሱም መካከል ጥያቄውን በረቂቅ አእምሮ መርምረው፣ መልሱንም በአንቀጽ ከፍለው የጻፉት በቀርከሃ ሰይፍ የሚጋጠሙት የጃፓን ኬንዶ መምህራን ስለ ሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል በእነርሱ ድንጋጌ ላይ ያርፋል።

ጃፓን ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አስነብበውናል። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳናዎች ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ድል በተቀዳጀበት በ1964 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ ደግሞ፣ ለጁዶ ውድድር በተሠራው በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ የኬንዶ ትርኢት ለእንግዶች ቀርቦ ነበር። የእኛ ሰዎች ስለዚያ ኦሎምፒክ ሲያወሩ ሩጫውን ብቻ ማንሣታቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በዚያው ሰሞን ሌላው ዓለም ለጥቂት ሰዓት የተመለከተው ያ የሰይፍ ጨዋታ ከጉግሳችን ጋር የሚያዛምደው ነገር እንዳለው ሳያስተውሉት አልፈዋል።

ወደ ድንጋጌው እንግባ። በኬንዶ ሕግ አንድ ምት የሚጸድቀው፣ መቺው በሞላ መንፈስና በቀና አቋም ሆኖ፣ ሺናይ በሚባለው የቀርከሃ ሰይፍ መምቻ ክፍል፣ የስለቱን አቅጣጫ ሳያዛባ፣ በተቃራኒው የጦር ልብስ ላይ ከተፈቀዱት ቦታዎች አንዱን በትክክል ሲመታ ወይም ሲወጋ፣ ይህንንም ካደረገ በኋላ ዛንሺን የሚባለውን ንቃት ሳይለቅ ሲቀር ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁሉ ተሟልተው ቢገኙ እንኳ ምቱ ከንቱ ይሆናል። የተፈቀዱት ቦታዎች አራት ናቸው፤ ሜን የሚባለው ራስ፣ ኮቴ የሚባለው የእጅ አንጓ፣ ዶ የሚባለው ጎን፣ ጹኪ የሚባለውም በውጊት ብቻ የሚገኘው ጉሮሮ። ትከሻን መምታት፣ ጭንን መምታት፣ የቱንም ያህል ቢያም፣ ዋጋ የለውም።

ሺናይ ከአራት የቀርከሃ ፍላጮች የተሰበሰበ ክብ በትር እንጂ እውነተኛ ስለት የለውም። ነገር ግን በአንድ ወገኑ ከጫፍ እስከ እጀታ የተወጠረ ገመድ አለው፤ ይህም ገመድ የሰይፉን ጀርባ ያመለክታልና፣ ከገመዱ ፊት ለፊት ያለው ወገን ስለት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህም ተጋጣሚው ጎንን ሲመታ እጁ በወጉ ሳይዞር ቀርቶ ሺናዩ በጎኑ ቢያርፍ፣ ድምፁ አዳራሹን ቢሞላም ዳኛው አይቀበለውም፤ እውነተኛ ሰይፍ ቢሆን ኖሮ በጠፍጣፋው መታ እንጂ አልቆረጠም ነበርና። ምቱም የሚያርፈው ከጫፉ ጀምሮ እስከ አንድ ሦስተኛው በሚደርሰው ክፍል ነው፤ የዚህም ወሰን በቀጭን የቆዳ ማሰሪያ ተለይቶ ይታያል። ከዚያ በታች ያለው ክፍል ቢነካ፣ መቺው ከመጠን በላይ ተጠግቷል ማለት ነው።

የእጅ አንጓን ምት በቅርብ ብንመለከተው የሕጉ ረቂቅነት ይበልጥ ይገለጣል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች የሺናያቸውን ጫፍ አነካክተው እየተፈላለጉ ሳለ፣ አንደኛው ራስን ለመምታት እጁን ገና ማንሣት ሲጀምር፣ ሌላው በዚያችው ቅጽበት ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ ወለሉን ይረግጣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኮቴ!» ይላል፤ የሺናዩም ጫፍ የጓንቱን የክንድ ክፍል ያገኛል። የእግሩ ድምፅ፣ የአንደበቱ ድምፅና የምቱ ድምፅ ሦስት ሆነው ከተሰሙ ዳኛው ይጠራጠራል፤ እንደ አንድ ሆነው ከተሰሙ ግን ምቱን የሚያጸድቀው የዳኛው ባንዲራ ወደ መነሣት ያዘነብላል። መምህራኑ መንፈስ፣ ሰይፍና አካል አንድ ይሁኑ የሚሉት ይህን ነው። ጡጫው ላይ ያረፈ ምት፣ የሰይፉ እጀታ መከላከያ ላይ ያረፈ ምት፣ እግር ሳይደርስ እጅ ብቻውን ተንጠራርቶ ያረፈ ምት፣ ሦስቱም ለተመልካች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ለዳኛው ግን አይመስሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚይዘው ግን ከምቱ በኋላ ያለው ነው። መቺው ከመታ በኋላ በኩራት ቢፈነጥዝ፣ ሺናዩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ለጓደኞቹ ቢያሳይ፣ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ ሥራው እንዳለቀ ሰው ቢዘናጋ፣ የጸደቀው ምት ሊሻር ይችላል፤ ሦስቱ ዳኞች መካከል ላይ ተሰብስበው ይመክሩና የሰጡትን ነጥብ መልሰው ይወስዱታል። ይህን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ ባንዲራ ከተነሣ በኋላ የሚሻር ድል እንዴት ፍትሕ ይሆናል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ግን ከድንጋጌው ሁሉ የዚህን ክፍል ጥበብ አብልጬ አደንቃለሁ። የወደቀ ጠላት ተመልሶ ሊነሣ እንደሚችል የሚያውቅ ወታደር፣ ከመታ በኋላ ዘወር ብሎ ሰይፉን እንደገና በተቃራኒው ፊት ይደቅናል እንጂ አይፎክርም፤ ደግሞም የተመታውን ሰው በደስታው ጩኸት አያዋርደውም። ስለዚህ ሕጉ በአንድ አንቀጽ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ጥንቃቄንና ትሕትናን።

ድንጋጌው የሚያስገርሙ ዝርዝሮችም አሉት። ተቃራኒው ሺናዩን ከጣለ በኋላ ወዲያው የተመታ ምት ይጸድቃል፤ በወደቀበት ቅጽበት የተመታም ይጸድቃል፤ ከሜዳው ወሰን እግሩ በወጣችበት ቅጽበት የተመታም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢመታቱ ግን የአንዳቸውም አይቆጠርም። መቺው በወጉ መትቶ ሳለ የተቃራኒው የሺናይ ጫፍ በቀና አቋምና በሞላ መንፈስ ደረቱ ላይ ተተክሎ ቢገኝም ምቱ ይቀራል፤ እውነተኛ ሰይፍ ቢሆን ኖሮ መቺው ራሱን በተቃራኒው ጫፍ ላይ እየወጋ ነበርና ነው። እነዚህን ዝርዝሮች ያነበበ ሰው፣ የሕጉ ደራሲዎች ዘወትር አንድ ጥያቄ በልባቸው ይዘው እንደ ጻፉ ያስተውላል፤ ቀርከሃው ብረት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ማን በሕይወት ይቆም ነበር የሚለውን።

ፍርዱን የሚሰጡት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ አንዱ ዋና፣ ሁለቱ ረዳቶች ሆነው በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ እጃቸው ቀይ በሌላው ነጭ ባንዲራ ይይዛሉ። ሜዳው በየጎኑ ከ9 እስከ 11 ሜትር ነው፤ ግጥሚያው በወጉ 5 ደቂቃ ሲሆን፣ ከሦስት ሁለቱን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ሁለት ዳኞች የአንዱን ቀለም ካነሡ ምቱ ጸደቀ፤ አንዱ ብቻ አንሥቶ ሌሎቹ ሁለቱ ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው በማጠላለፍ አላየንም ካሉም ይጸድቃል። በዳኞቹ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም። ዳኞቹ ራሳቸው ለረጅም ዘመን የተጋጠሙ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ የሚያዩት በዓይን ብቻ አይደለም፤ ምቱ ከመድረሱ በፊት ማን ማንን እንዳስጨነቀ፣ ማን መሐሉን እንደያዘ፣ ማን በፍርሃት እንደ ሰነዘረ ያስተውላሉ።

ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ከእኛው ጎረቤት ይገኛል። ከምንኖርበት ከደላንታ ገደሉን ተሻግሮ ያለው የዋድላ አገር በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። በዚያ ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ዘርፎ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ፣ ቤቱ የመታለት፣ ልኩም የተስተካከለለት ቢሆን እንኳ፣ ምሥጢር የጎደለው እንደ ሆነ አይመሰገንበትም፤ ይህንንም የሚያውቀው እርሱ ራሱ ብዙ ዘመን የተቀኘ መምህር እንጂ ሆሄ የሚቆጥር ሰው አይደለም። የኬንዶ ዳኛም በዚህ መንገድ ነው የሚፈርደው፤ ቦታው መነካቱ የመጀመሪያው መስፈርት ይሁን እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ይህ ሕግ ግን ከመሠረቱ እንዲህ ሆኖ አልተገኘም። በ18ኛው መቶ ዘመን የጃፓን የሰይፍ ትምህርት ቤቶች ራስ መከላከያ፣ ጓንትና የደረት ጥሩር አሻሽለው፣ የቀርከሃን ሰይፍ ከእነርሱ ጋር አያይዘው ሲለማመዱ፣ ሰዎች ሳይገዳደሉ በሙሉ ኃይል መመታታት የቻሉበት ዘመን ተጀመረ። በዚያውም ልክ አዲስ ችግር ተወለደ፤ መሞት ሲቀር፣ ማን ሞተ ብሎ መፍረድ ግድ ሆነ። በ1895 በኪዮቶ የተቋቋመው የጃፓን የጦር ጥበባት ማኅበር በ1927 ባወጣው የውድድር ደንብ፣ ምት የሚጸድቀው በሞላ መንፈስ፣ በቀና የስለት አቅጣጫና በተገባ አቋም ሲሆን ነው ብሎ ደነገገ። ዛንሺን ወደ ድንጋጌው የገባው ከዚያ በኋላ በተደረጉ ማሻሻያዎች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድል አድራጊዎቹ ኬንዶን የጦርነት መንፈስ ማሳደጊያ አድርገው ስለ ተመለከቱት ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ታገደ። በ1950 ገደማ ጨዋታውን ከጦርነት ትዝታ የሚያጠራ፣ በቀላል ልብስና በነጥብ ቆጠራ የሚካሄድ የሺናይ ውድድር ተፈጠረ፤ በ1952 ግን የመላው ጃፓን የኬንዶ ፌዴሬሽን ሲቋቋም የቀድሞው ሥርዓት ከነመንፈሱ ተመለሰ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1970 ተመሥርቶ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ዓመት በቶኪዮ አካሄደ። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሥርዓት ላይ የሚነሣው ትችት ከባድ ስለ ሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። መንፈስ በምን ይለካል? ዳኛው የአገሩን ሰው መንፈስ ሞልቶ፣ የባዕዱን ጎድሎ ቢያየው ማን ይከሰዋል? ተመልካቹ ምቱን አይቶ የፍርዱን ምክንያት ካላወቀ፣ ጨዋታው እንዴት የሕዝብ ይሆናል? ዓለም አቀፍ ውድድር በተደረገ ቁጥር እነዚህ ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ብዙ የጃፓን መምህራንም ኬንዶ ወደ ኦሎምፒክ እንዳይገባ የሚሹት፣ ለሰፊው ተመልካች ግልጽ ይሁን ሲባል ዛንሺንና መንፈስ ከሕጉ ተፍቀው መነካት ብቻ እንዳይቀር ፈርተው ነው።

ይህ ፍርሃታቸው መሠረት እንዳለው ለማየት የአውሮፓን የሰይፍ ግጥሚያ መመልከት ይበቃል። አውሮፓውያን መነካትን ለኤሌክትሪክ አደራ ሰጡ፤ በኦሎምፒክ ከሦስቱ የሰይፍ ዓይነቶች ለኤፔ በ1936፣ ለፍሎሬ በ1956፣ ለሳብር በ1992 (እ.ኤ.አ.) መብራት የሚያበራ መሣሪያ ገባ። የኤፔ ጫፍ ከ750 ግራም፣ የፍሎሬ ጫፍ ከ500 ግራም ያላነሰ ግፊት ሲያገኝ ብቻ መብራቱ ይበራል። በዚህ የዓይን ስሕተትና የአድልዎ ሐሜት እጅግ ቀነሰ፤ ይህ የማይናቅ ትሩፋት ነው። ነገር ግን በፍሎሬና በሳብር ሁለቱም መብራቶች በአንድነት ሲበሩ፣ ጥቃቱን ቀድሞ የጀመረው ማን ነበር ብሎ የሚፈርደው አሁንም ሰው ነው፤ ማሽኑ መነካቱን ይናገራል እንጂ መብቱ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። በኤፔ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢነካኩ ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣል። ኬንዶ ይህንኑ ግጥምጥሞሽ ለማንም አይቆጥርም። ከሁለቱ የኬንዶውን እመርጣለሁ፤ እርስ በርስ ተወጋግተው የወደቁ ሁለት ሰዎች ሁለቱም አሸነፉ ቢባል ኅሊና አይቀበለውም።

በአገራችን ካሉት የዱላ ጨዋታዎች መካከል ይህ ጥያቄ ፈጽሞ የማያስቸግራቸው አሉ። በገና ጨዋታ የሚመታው ሩር የሚባለው ኳስ ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ በላሊበላ ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ በሚያሸበሽቡበት በታኅሣሥ 29 ዕለት በየሜዳው ዱላ የሚይዘው ወጣት ድሉን የሚለካው ሩሩ ከተቃራኒው ወገን ወሰን በማለፉ ነው። ቁርጭምጭሚት ቢያገኘው ግን ለነጥብ አይቆጠርም፣ ለቂምም አይቆጠርም፤ በገና ሜዳ ጌታው እንኳ ቢመታ አይቆጣም ሲባል ኖሯልና። በደቡብ ምዕራብ የሱሪ ወጣቶች በዶንጋ ሲጋጠሙ ደግሞ ድሉ የሚታወቀው ተቃራኒው ሲወድቅ ወይም በቃኝ ሲል ሲሆን፣ መግደል ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለቱም መልሳቸውን በግልጽ ይዘዋል።

በእኛ አካባቢ የሚካሄደው ጉግስ ግን አልያዘም። በጉግስ ፈረሰኛው ሳይወድቅ ይመታል፣ ሩርም የለም፣ ወሰንም የለም፤ ፍርዱ በተመልካቹ ሆታና በሽማግሌዎች ምስክርነት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የባህል ስፖርቶች ውድድር በአገር ደረጃ መካሄዱ፣ ገናና ትግል፣ ገበጣና ቀስት በውድድር ደንብ መመራታቸው መልካም ጅምር ነው። በአካባቢያችን ለጉግስ በሚጻፈው ደንብ ላይ ግን ሥጋቴ፣ ነገሩን ለማቅለል ሲባል ስንት ዱላ ስንት ሰው ነካ የሚል ቆጠራ ብቻ እንዳይሆን ነው። እንዲያ ከሆነ፣ ፈረሰኛው ከኮርቻው ላይ ተወላግዶ በዕድል የነካው ምት፣ ፈረሱን በጉልበቱ እየገዛ ጋሻውንም ሳያወርድ ከወረወረው ምት ጋር እኩል ይሆናል፤ አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሆታ ሰጥተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ጋሻ ያገኘው ዱላ ለተከላካዩ እንጂ ለወርዋሪው አይቆጠር፤ ጋሻውን ነክቶ ቆይቶ አካልን ያገኘውም እንዲሁ፤ ጋሻው ሥራውን ሠርቷልና። ፈረስን ያገኘ ዱላ ነጥብ የሚያሳጣ ብቻ ሳይሆን የሚያስቀጣም ይሁን። ወርዋሪው ከወረወረ በኋላ እስከ ሜዳው ዳርቻ ድረስ በኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ፈረሱን ካልመለሰ፣ ምቱ አይጽደቅለት፤ የወደቀ ፈረሰኛ በጦር ሜዳ ማንንም እንዳላሸነፈ የታወቀ ነው። ከመታ በኋላ የተመታውን በስም ጠርቶ የሚሳደብ ቢኖር ደግሞ ምቱ ይሻርበት። ፉከራ የጉግስ ጌጥ ስለ ሆነ፣ የኬንዶን ዝምታ እንዳለ ወደ እኛ ሜዳ ማምጣት ግን አይገባም፤ በፈረሱ ስም የሚፎክር ሰው ሌላውን ሳያዋርድ ራሱን ማወደስ እንደሚችል አገሩ ያውቃልና፣ የደንቡ ወሰን በዚህ መካከል ቢሰመር ይበቃል።

የሚቀረው የዳኞቹ ነገር ነው። ሦስት ቢሆኑ፣ ከሦስት የተለያዩ አጥቢያዎች ቢመረጡ፣ ሦስቱም በጉልምስናቸው ጋልበው የሚያውቁ ሰዎች ቢሆኑና አንዱ በፈረስ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱ ደግሞ በሜዳው ግራና ቀኝ ቆመው በሁለት ቀለም ጨርቅ ቢፈርዱ፣ ከሦስቱ ድምፅ አንድ ቢጎድል እንኳ ሙግቱ ሜዳው ላይ ያልቃል። አንዳቸው ሳያዩ በቀሩ ጊዜም አላየሁም ለማለት የሚያስችል ምልክት ይሰጣቸው፤ ዳኛ ያላየውን አየሁ ከሚል አላየሁም ቢል ይሻላልና። ደንቡ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ሊሆን አይችልም፤ የጎደለውንም በሁለተኛው ዓመት የሚያርሙት እነዚሁ ሦስቱ፣ ከየወገኑ ፈረሰኞች ጋር ተቀምጠው ይሁኑ።